ዊልሄልም ሮንትገን፦ ራጅን ለሁሉም የሰጠ ሰው

እጁ የተሰበረ ልጅ ሐኪም ቤት ሲወሰድ ራጅ እንዲነሣ ይታዘዛል። ይህን ጨረር ያገኘውን ሰው ታሪክ ለተማሪዎቻችን ልናካፍል ወደድን። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊልሄልም ሮንትገን በ1845 በጀርመን፣ ሌኔፕ በተባለች ከተማ ተወለደ። በሦስት ዓመቱ ቤተሰቡ ድንበር ተሻግሮ ሆላንድ ገባ። እኛ የሞያሌ ሰዎች እንዲህ ያለውን ኑሮ እናውቀዋለን። በዩትሬክት ሲማር፣ በመምህሩ ላይ ለማላገጥ ሌላ ልጅ የሣለው ሥዕል በእሱ ተሳብቦ ከትምህርት ቤት ተባረረ። የምስክር ወረቀት ባይኖረውም ተስፋ አልቆረጠም፤ ስዊዘርላንድ ሄዶ ዙሪክ ውስጥ ተማረ፤ በ1869 ዶክተር ሆነ።

ኖቬምበር 8 ቀን 1895፣ ቩርዝቡርግ ውስጥ ጨለማ ክፍል ሆኖ፣ በጥቁር ካርቶን በተሸፈነ የመስታወት ቱቦ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ ራቅ ብሎ የነበረ ኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ ሲያበራ አየ። ካርቶኑን አልፎ የሄደ የማይታይ ጨረር ነበር። ምንነቱን ስላላወቀ በሒሳብ ያልታወቀ ነገር በሚጻፍበት ፊደል ኤክስ አለው። ለሳምንታት ደጋግሞ ከፈተነ በኋላ የባለቤቱን እጅ አነሣ፤ አጥንቷና ቀለበቷ ታዩ።

ሮንትገን ግኝቱ የሁሉም እንዲሆን ብሎ የባለቤትነት መብት አላስመዘገበም። ስለዚህም ራጅ በፍጥነት ተስፋፋ። በ1896፣ አድዋ በተዋጋንበት ዓመት፣ ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ የጣሊያን ወታደሮች ኔፕልስ ውስጥ ጥይታቸው በራጅ ተፈለገ። በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ። በ1923፣ የዋጋ ንረት ጀርመንን ባስጨነቀበት ዘመን፣ ሙኒክ ውስጥ አረፈ።

ጨረሩ ግን ሲበዛ ሰውነትን ይጎዳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በጥቂት ጨረር ጥርት ያለ ምስል የሚገኝበትን መንገድ ይፈልጋሉ። አንዱ መንገድ መንትያ ፎቶን፣ ማለትም መንትያ የብርሃን ቅንጣት ነው። አንድ የኤክስሬይ ፎቶን ክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ አልፎ አልፎ ለሁለት ይከፈላል፤ ይህም በ1971 በቤሪሊየም ክሪስታል ታይቷል። የሁለቱ ጉልበት ሲደመር ከወላጃቸው ጋር እኩል ነው። ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ቅጽበት ከያዟቸው መንትዮች መሆናቸው ይታወቃል፤ ብቻውን የደረሰው አይቆጠርም። በዚህ ዘዴ አሳሳቹ ከእውነተኛው ይለያል። ችግሩ መንትዮቹ እጅግ ጥቂት መሆናቸው ነው፤ እነሱን ለመሰብሰብ ረጅም ጊዜ ይጠይቃል።

ይህን የሚያቃልል ሰው ገና ይጠበቃል። ከትምህርት ቤት የተባረረው ልጅ ያንን ሁሉ ከሠራ፣ ከእኛ ክፍሎችም አንዱ ወይም አንዷ ብትወጣ አይገርመንም።