ኢቫን ፒርየቭ፦ በሲኒማ ጥጋብን የዘራው የገበሬ ልጅ

በደርግ ዘመን የኖረ ገበሬ የኪነት ቡድኖችን አይዘነጋም። ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር ተደራጅተው ስለ ምርት ዕድገትና ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይዘፍኑ ነበር። መስከረም 1977 ዓ.ም. 10ኛው የአብዮት በዓል በአዲስ አበባ በድምቀት ሲከበር ግን ወሎና ትግራይ በረሃብ ያልቁ ነበር። ረሃብን በዘፈን የመሸፈን ልማድ ቀደም ሲል በሶቪየት ኅብረት ሲኒማ ነግሦ የቆየ ሲሆን፣ ከዋነኞቹ ባለሙያዎቹ አንዱ የፊልም አዘጋጁ ኢቫን ፒርየቭ ነው።

ፒርየቭ እ.ኤ.አ. በ1901 በሳይቤሪያ፣ በኦብ ወንዝ ዳር በምትገኘው ካሜን ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱን ያጣው በሕፃንነቱ ነው። ለአካለ መጠን ሳይደርስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመተ፤ ቀጥሎም ወደ ቀይ ጦር ገባ። ከጦርነቱ በኋላ ሞስኮ ወርዶ ትያትር ተማረ።

ስሙን ያስጠሩት የጋራ እርሻን የሚያወድሱ ሙዚቃዊ ፊልሞች ናቸው። በ1939 በወጣው «የትራክተር ነጂዎች» ውስጥ ፍቅር የሚገኘው በመልክ ወይም በሀብት ሳይሆን በታረሰው መሬት ስፋት ነው። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ባለቤቱ ማሪና ላዲኒና ነበረች። «አሳማ ጠባቂዋና እረኛው» ደግሞ ገና በመቀረጽ ላይ ሳለ፣ ሰኔ 1941 የጀርመን ጦር አገሪቱን ወረረ።

ከሁሉም በላይ ያነጋገረው ግን በ1950 የታየው «የኩባን ኮሳኮች» ነው። ሁለት የጋራ እርሻ ሊቃነ መናብርት በገበያ ይፎካከራሉ፤ ይዋደዳሉም። ሐብሐቡ ተከምሯል፣ ጨርቁ ተዘርግቷል፣ የዱናየቭስኪ ዜማም ይፈስሳል። ፊልሙ ከመታየቱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1946 እና በ1947፣ ድርቁ ሳያንስ መንግሥት ከገበሬው ጎተራ እህል ጠርጎ በመውሰዱ በርካታ የታሪክ አጥኚዎች ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚያደርሱት ሕዝብ አልቆ ነበር። የጋራ እርሻ አባላት የሚከፈላቸው በሥራ ቀን ተቆጥሮ፣ ከመንግሥት ድርሻ የተረፈው ሲከፋፈል ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚተርፍ አልነበረም። የገበሬ ልጅ ይህን አያውቅም ማለት ይከብዳል።

ያም ሆኖ ዜማዎቹ በሕዝብ ተወደዱ። ፒርየቭም በሕይወቱ ስድስት ጊዜ የስታሊን ሽልማትን ተቀበለ።

የካቲት 1956 ክሩሽቾቭ በ20ኛው የፓርቲ ጉባኤ ስታሊንን ሲያወግዝ እነዚህን ፊልሞችም አልማረም። ስታሊን የገጠሩን ኑሮ የሚያውቀው ዝይና ተርኪ በሞላበት የፊልም ማዕድ ብቻ እንደነበረ፣ ገጠርንም ለመጨረሻ ጊዜ ያየው በጥር 1928 መሆኑን ተናገረ። የዚያ ጉዞ መዳረሻ የፒርየቭ የትውልድ ምድር ሳይቤሪያ፣ ዓላማውም እህል ማሰባሰብ ነበር። ንግግሩ ሲደረግ ፒርየቭ የታላቁ የሞስፊልም ስቱዲዮ ዋና ኃላፊ ነበር።

በኋለኛ ዘመኑ ከእርሻ ሙዚቃ ርቆ ወደ ዶስቶየቭስኪ ልቦለዶች ዞረ። «የካራማዞቭ ወንድማማቾች»ን ሳይጨርስ የካቲት 1968 ዐረፈ፤ ሥራውን ሁለቱ ተዋንያን ኡልያኖቭና ላቭሮቭ ፈጸሙት። በዚያው ዓመት «የኩባን ኮሳኮች» ታድሶ ሲወጣ ስታሊንን የሚያስታውሱ ምስሎች ተቆርጠው ወጡ። የሐብሐቡ ክምር ግን አልተነካም።