ድንጋይ ሳይተክሉ አገር የቀየሱት አንቷን ዳባዲ

የኢትዮጵያን ከፍተኛ ቦታዎች በማዕዘን ልኬት በስፋት የቀየሱት ፈረንሳዊው ሊቅ አንቷን ዳባዲ ካረፉ ከ120 ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። በአገራችን ስማቸው በአብዛኛው የሚነሳው ከሰበሰቧቸው የግዕዝ ብራናዎች ጋር ተያይዞ ነው። የቅየሳ ሥራቸው ግን በተለይ የመሬት መረጃን በኃላፊነት ለሚይዙ የመንግሥት ሠራተኞች ዛሬም ትምህርት የሚሰጥ ነው።

መንገድ፣ የውሃ መስመር ወይም የከተማ ፕላን የሚሠራ ቀያሽ ሥራውን የሚጀምረው ቦታውና ከፍታው አስቀድሞ ከታወቀ ነጥብ ነው። ይህ ነጥብ ብዙውን ጊዜ በሲሚንቶ ተተክሎ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ነው። እንደ ወልቂጤና ቡታጅራ ባሉ በማደግ ላይ በሚገኙ ከተሞች መንገድ ሲሰፋ፣ ቤት ሲሠራ ወይም አጥር ሲታጠር እንዲህ ያለው ምልክት ሊነቀል ወይም በሙሌት አፈር ሊቀበር ይችላል። በዚህን ጊዜ ቀያሹ የነጥቡን መግለጫ ይዞ፣ በአቅራቢያው ካሉ ቋሚ ነገሮች እየለካ ይፈልገዋል። ነጥቡም መግለጫውም ከጠፉ ግን ከሩቅ ቦታ መነሳት ግድ ይሆንበታል፤ ይህም የመንግሥትን ጊዜና ገንዘብ ይወስዳል።

ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ተወለዱ። አባታቸው የባስክ ተወላጅ ፈረንሳዊ፣ እናታቸው ደግሞ አየርላንዳዊት ነበሩ። በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ፈረንሳይ ተሻግረው የተፈጥሮ ሳይንስን በትጋት ተከታተሉ። በ1830ዎቹ አጋማሽ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል ለማጥናት ወደ ብራዚል ተጓዙ። ከዚያ መልስ ከወንድማቸው ከአርኖ ጋር እ.ኤ.አ. በ1838 በምፅዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ለጥናታቸው የሚሆን የተሻለ መሣሪያ ለማምጣት በመካከሉ ወደ አውሮፓ ቢመለሱም፣ እስከ 1848 ድረስ አብዛኛውን ጊዜያቸውን ያሳለፉት በዚህ አካባቢ ነው።

ዘመኑ መሳፍንቱ እርስ በርስ የሚዋጉበት ስለነበር፣ የባዕድ አገር ሰው መሣሪያ ተክሎ ተራራ ሲመለከት ጥርጣሬን ማስከተሉ አይቀርም ነበር። ዳባዲ ግን የአገሩን ልብስ ለብሰው፣ በባዶ እግራቸው እየሄዱ፣ እንደ አንድ የአገሩ ተማሪ ከሊቃውንቱ እግር ሥር ተቀምጠው ግዕዝና አማርኛ ተማሩ። ዓይናቸውን ክፉኛ ታመው ብርሃናቸው እስከ መድከም የደረሰበት ጊዜም ነበር። ይህ ሁሉ ከዓላማቸው አላገዳቸውም።

የቅየሳ ዘዴያቸው ለጊዜው አዲስ ነበር። በተለመደው አሠራር ቀያሹ ሥራውን የሚመሠርተው በጥንቃቄ በተለካ ቀጥተኛ መስመርና በተተከሉ ምልክቶች ላይ ነው። ለዳባዲ ግን ምልክት የሚተክልላቸው ሠራተኛም ሆነ ምልክቱን የሚጠብቅላቸው መንግሥት አልነበራቸውም። ስለዚህ ቀላል ቴዎዶላይት ይዘው ከፍ ወዳለ ቦታ እየወጡ፣ በዙሪያቸው የሚታየውን የተራራ ጫፍ ሁሉ ማዕዘን በተራ ይለኩ ነበር። ኬክሮሱን ከፀሐይና ከከዋክብት፣ ከፍታውን ደግሞ ውሃ ከሚፈላበት የሙቀት መጠን ያሰሉ ነበር። አንድ ጫፍ ከሁለትና ከሦስት ቦታዎች ሲታይ ማዕዘኖቹ ተጋጥመው ቦታውን ይወስናሉ። የየተራራውን ስም ከአገሬው ሰው ጠይቀው በጥንቃቄ ይጽፉ ነበር። በዚህ አኳኋን ከምፅዋ ጠረፍ አንስቶ እስከ ከፋ የሚደርስ የነጥቦች መረብ ዘረጉ።

እ.ኤ.አ. በ1843 ዓባይን ተሻግረው ወደ ሊሙ እናርያ ዘለቁ። ንጉሡ አባ ባጊቦ ተቀብለው አስተናገዷቸው፤ ከከፋ ሙሽራ ለማምጣት ከተላኩት መልእክተኞች ጋርም ወደ ቦንጋ የመሄድ ዕድል ሰጧቸው። በ1846 ደግሞ ከወንድማቸው ጋር ወደ ግቤ ምንጭ ደርሰው የነጭ ዓባይን መነሻ አገኘን ብለው አመኑ። ይህ እምነታቸው ስህተት ነበር። ዛሬ ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚሄድ መንገደኛ የሚሻገረው ግቤ ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ እንጂ ወደ ዓባይ አይፈስም።

ወደ አውሮፓ ከተመለሱ በኋላ ከባድ ፈተና ገጠማቸው። በጎጃም ተጉዞ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ዳባዲ ከፋ አልደረሱም ሲል በጽሑፍ ከሰሳቸው። ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ያገኘውን ሜዳሊያም በተቃውሞ መለሰ። በከፋ ምድር ዳባዲ የተከሉት ድንጋይ ስለሌለ ሄዶ ምልክታቸውን በማየት እውነቱን ማረጋገጥ አይቻልም ነበር።

የዳባዲ መልስ የልኬት መዝገባቸው ሆነ። ከሥነ ፈለክ ሊቁ ከሩዶልፍ ራዶ ጋር ስሌቱን በሙሉ መርምረው፣ የኢትዮጵያን ቅየሳ የሚመለከተውን ታላቅ መጽሐፋቸውን ከ1860 እስከ 1873 ባሉት ዓመታት ከካርታዎቹ ጋር አሳተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ሳይሆን፣ ከየትኛው ቦታ የትኛው ጫፍ በስንት ማዕዘን እንደታየ ጭምር አስፍረዋል። በመሆኑም የሚጠራጠር ሰው ስሌቱን ራሱ እንደገና ሊሠራው፣ ወደ ተራራውም ወጥቶ ሊያመሳክረው ቻለ። ስለ ነጭ ዓባይ ምንጭ የነበራቸው ሐሳብ ሲወድቅ ልኬታቸው አብሮ ያልወደቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1859 የ234 የኢትዮጵያ ብራናዎችን ዝርዝር፣ በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳትመዋል። በ1867 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነው ተመረጡ፤ በ1892ም ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል። በፈረንሳይና በስፔን ድንበር አጠገብ በሄንዳይ ያሠሩት ቤተ መንግሥት መሰል ሕንፃ በኢትዮጵያ ሥዕሎችና በግዕዝ ፊደል ጽሑፎች ያጌጠ ነው። ሕንፃውን ለአካዳሚው አውርሰው፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1897 በፓሪስ ከተማ አርፈዋል።

ከእርሳቸው በኋላ የተተከሉ ምልክቶች ዕድል ከዳባዲ ተራሮች የተለየ ሆኗል። በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ የታተሙት የአገሪቱ መሠረታዊ ካርታዎች የተመሠረቱት፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ቀያሾች በተጀመረው የዓባይ ተፋሰስ ቅየሳ አማካይነት፣ አዲንዳን በተባለው መነሻ ላይ ነው። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ በዓባይ ዳር የነበረ ሥፍራ ነው። የአስዋን ታላቅ ግድብ ሲሠራ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ይህ መነሻ ነጥብ በግድቡ ሐይቅ ተውጧል። ይሁን እንጂ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ፣ ከሌሎች ነጥቦች ጋር ያለው ግንኙነትም ተመዝግቦ ስለነበር፣ ካርታዎቹ ዋጋቸውን አላጡም።

ወልቂጤና ቡታጅራ የሚገኙት በጉራጌ ተራሮች ሰንሰለት በሁለት ወገን ነው። በወልቂጤ በኩል ያለው ውሃ ወደ ግቤ ሲወርድ፣ በቡታጅራ በኩል ያለው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይፈስሳል። ሁለቱን ወገን በአንድ ካርታ የሚያገናኘው በመካከላቸው ያለው የታወቀ ነጥብ ነው። ዛሬ ሳተላይት ቦታን በፍጥነት ለማወቅ ቢያስችልም፣ የቆየ ካርታንና የቆየ የይዞታ ወሰንን ከአዲሱ ልኬት ጋር ለማስታረቅ የድሮው ነጥብ መገኘት አለበት። ምልክቱ የቆመበትን ሥፍራ ከመቆፈር በፊት መለካት፣ መግለጫውንም በመዝገብ ቤት በደህና ማቆየት በየደረጃው ላለ ጽሕፈት ቤት ትልቅ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ዳባዲ አንድም ድንጋይ ሳይተክሉ ሥራቸው እስከ ዛሬ የሚመረመረው፣ ያዩትን ሁሉ ካዩበት ቦታና ማዕዘን ጋር መዝግበው በማለፋቸው ነው።