የአራዳው ኳስ ተጫዋች
(የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ አጭር የሕይወት ታሪክ)

ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ወደየቤታችን የምንሄድ ተማሪዎች በመንገዳችን ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አጥተን አናውቅም። ሁለት ድንጋይ ግብ አድርገው፣ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው የሠሩትን ኳስ ሲያሳድዱ እናያቸዋለን። እኛም ያደግነው በዚያው ነው። ወላጆቻችን ግን ይህን ሲያዩ ብዙ ጊዜ ደስ አይላቸውም። ኳስ ጫማ ይጨርሳል፣ ትምህርት ያስረሳል፣ ልጅን ዋልጌ ያደርጋል እያሉ ይገሥጹናል። ተግሣጻቸው እውነትነት እንዳለው አንክድም። ይሁን እንጂ በዚሁ በአራዳ በተቋቋመ ቡድን ኳስ ሲጫወቱ አድገው የመላው አፍሪካ እግር ኳስ መሪ ለመሆን የበቁ ሰው አሉ። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን በዓል መታሰቢያ በሚሆነው በዚህ መጽሔት የእኒህን ሰው የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ በአጭሩ ለአንባብያን ለማቅረብ ተነሥተናል።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዕለት፣ በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና በጨዋታ ዐዋቂነታቸው ስማቸው የገነነ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ከእንዲህ ያለ ቤት የተወለደ ልጅ በአባቱ ስም ብቻ ተከብሮ ሊኖር ይችላል። አቶ ይድነቃቸው ግን የራሳቸውን ስም በእግራቸው አተረፉ።

በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. የአራዳ ወጣቶች አንድ የእግር ኳስ ቡድን አቋቁመው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብለው ሰየሙት። ጊዜው የጭንቅ ጊዜ ነበር። የኢጣልያ ጦር ድንበር ጥሶ ከገባ ከሁለት ወር በላይ ሆኖት ነበር፤ አምስት ወር ያህል ቆይቶም ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች። አቶ ይድነቃቸው በዚያ ዓመት የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከቡድኑም ጋር ተጫዋችነታቸውን የጀመሩት በዚሁ ጊዜ ነው።

የጠላት ሹማምንት ኳስ መጫወትን አልከለከሉም፤ ነገር ግን በሜዳው ላይ ነጭና ጥቁርን ለዩ። ጣልያኖች እርስ በርሳቸው፣ የአገሩ ተወላጆችም ለብቻቸው እንዲጫወቱ ተደረገ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ተነጥቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር ተባለ። ሊቶሪዮ ከፋሺስቶች ዓርማ የተወሰደ ስም ነው። አንድ ወጣት የሚወደው ቡድን በጠላቱ ዓርማ ስም ሲጠራ ምን እንደሚሰማው በነጻ አገር የተወለድን እኛ በሙሉ ልናውቀው አንችልም። ዳሩ ግን አቶ ይድነቃቸው በኋላ የሠሩትን ሥራ ስንመለከት ያ ዘመን ከልባቸው እንዳልወጣ እንገምታለን።

አገራችን ነጻ ከወጣች በኋላ ቡድኑ የቀድሞ ስሙን መልሶ ያዘ። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ውድድር አምስት ቡድኖች ተካፈሉ፤ እነርሱም የኢትዮጵያውያን ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣልያኖች ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖች አራራት፣ የግሪኮች ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ትናንት ተለይቶ ይጫወት የነበረው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተገናኘ። በዚያ ዓመት ድሉ የእንግሊዞቹ ሆነ፤ በ1942 ዓ.ም. ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ለመሆን በቃ።

አቶ ይድነቃቸው አጥቂ ነበሩ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ያህል ሲጫወቱ በ365 ግጥሚያዎች 318 ግብ እንዳገቡ በታሪካቸው ተመዝግቧል። እኛ ተማሪዎች ነንና ሒሳቡን አሰላነው፤ በየ8 ጨዋታው ወደ 7 ግብ ይደርሳል። በ14 ዓመቱ በገባበት ቡድን ውስጥ እስከ ጉልምስናው ድረስ ማልያ ሳይለውጥ የቆየ ሰው ጽናት ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። አገራችንን ወክለው ለዚህ ሥራ ከደከሙት መካከል አቶ ይድነቃቸው ዋነኛው ናቸው። ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ የተመደበችው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጮች ብቻ፣ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እንጂ ድብልቅ ቡድን አልክም አለች። የቀሩት አገሮች ይህን አልቀበል ብለው ከውድድሩ አስወጧት። በዚህም ምክንያት ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛው ውድድርም ግብፅ በዚያው ውጤት ደገመችን።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተደረገ፤ ብሔራዊ ቡድናችንንም በአሠልጣኝነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ኢትዮጵያ በፍጻሜው እንደ ገና ከግብፅ ጋር ተገናኘች። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ በመጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ቀጥሎም ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አክለው ጨዋታው 4 ለ 2 ሲፈጸም ዋንጫው የኢትዮጵያ ሆነ። የቫሳሎ ወንድማማቾች ከጣልያን አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ናቸው። ነጭና ጥቁር ባንድነት አይጫወትም በተባለበት ከተማ ውስጥ ይህን የመሰለ ቡድን ዋንጫ ማንሣቱ ትልቅ ነገር ነው እንላለን።

ከዚህ በኋላ የአቶ ይድነቃቸው ሜዳ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። በዚያን ጊዜ አፍሪካ በዓለም ዋንጫ የራሷ የሆነ ቦታ አልነበራትም፤ አሸናፊዋ ከእስያ አሸናፊ ጋር ተጋጥማ ማለፍ ነበረባት። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህን አጥብቀው በመቃወማቸው የአፍሪካ አገሮች ከ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ራሳቸውን አገለሉ። ውጤቱም ሳይዘገይ ታየ፤ በ1962 ዓ.ም. ለአፍሪካ አንድ ቦታ ተሰጥቶ ሞሮኮ ተካፈለች፤ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ቦታው ሁለት ሆኖ አልጄሪያና ካሜሩን ተሰለፉ። ለ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ የተመደበው ቀጥተኛ ቦታ 9 መድረሱን ስናስብ ያ ክርክር ከንቱ እንዳልነበረ እንረዳለን።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ከዚያም በኋላ በአገራችን መንግሥት ቢለወጥም እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያው ኀላፊነት ቆዩ። የዘር መድልዎ እስካለ ድረስ ደቡብ አፍሪካ ወደ ውድድር እንዳትመለስ ሳይታክቱ ተከራከሩ፤ በ1968 ዓ.ም. የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አስወጣ። አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ በ65 ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ ወደ ኮንፌዴሬሽኑ የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ በ1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር ተጫዋቾች ባንድነት ባሉበት ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ በአገሯ ወሰደች። አቶ ይድነቃቸው ይህን ሳያዩ ካረፉ ከስምንት ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።

ይህን ታሪክ ስናዘጋጅ አንድ ነገር ትዝ ብሎን አፍረናል። ከሩቅ አገር የመጣ አንድ አዲስ ተማሪ፣ አማርኛው እንደ እኛ የቀና ስላልነበረ፣ ለክፍላችን ቡድን ሳንመርጠው ብዙ ሳምንታት ከመስመር ውጭ ቆሞ እንዲያየን አድርገናል። ጎበዝ ይሁን ሰነፍ አልፈተንነውም። በትልቁ ሜዳ ላይ የተሠራውን በደል እያነበብን የምንቈጣ እኛ፣ በትንሹ ሜዳችን ያንኑ መሥራታችንን አላስተዋልንም ነበር። አሁን ልጁ ይጫወታል፤ ይቅርታም ጠይቀነዋል።

ስለዚህ ወላጆቻችንን የምንለምነው ኳስ ስንጫወት ሲያዩን ጫማችንን ብቻ እንዳይመለከቱ ነው። ማንን እንዳስገባን፣ ማንንስ ከመስመር ውጭ እንዳቆምን ይመልከቱልን፤ ስናጠፋም ይገሥጹን። ለታናናሾቻችንም የምንተወው አደራ ይኸው ነው። በሚቀጥለው ዓመት እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት እንወጣለን፤ ሜዳው ግን ለእናንተ ይቀራል።