ፒተር ክሪስቶፈርሰንና የዘገየው ዘፈን

ፒተር ክሪስቶፈርሰን በ1955 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ አገር ሊድስ ተወለደ። ለፒንክ ፍሎይድ የሸክላ ሽፋን ይሠራ በነበረው በሂፕግኖሲስ ተቀጥሮ ሠርቷል። እኔን መሐንዲሱን የሳበኝ ግን የካሴት መሣሪያው ነው፤ በትሮቢንግ ግሪስል ቡድን ውስጥ ሳለ ብዙ ካሴቶችን በፒያኖ ቁልፍ እየነካ ያጫውት ነበር። ሳምፕለር የሚባለው እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን!

በ1985 ከፍቅር ጓደኛው ከጆን ባላንስ ጋር፣ ኮይል በሚለው ስማቸው፣ «ቴይንትድ ላቭ»ን እንደገና ተጫወቱት። ግሎሪያ ጆንስ በ1960ዎቹ የዘፈነችው፣ ሶፍት ሴል በ1981 ዓለምን ያስጨፈረበት ዘፈን ነው። እነሱ ጭፈራውን አውጥተው እንደ ቀብር ደወል አዘገዩት። ግጥሙ ያው ነው፤ «የተበከለ ፍቅር» የሚለው ርእስ ግን ኤድስ ወጣቱን በሚቀጥፍበት ዓመት ሌላ ነገር ሆነ። ገቢው በ1982 በኤድስ በሞተ ሰው ስም ለተቋቋመው ለቴረንስ ሂጊንስ ትረስት ተሰጠ። የእርዳታ ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ ያባብላል፤ ይኼ አያባብልም፤ የማከብረውም ለዚህ ነው። እኛማ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳንባ ነቀርሳ ነው እያልን አለፍን።

ባላንስ በ2004 ሞተ። ክሪስቶፈርሰን ወደ ባንኮክ ሄዶ ኖረ፤ እዚያው በ2010 በተኛበት አረፈ።