ስለ ቻርልስ ጉድይርና ስለ ደረቀው ጎማ

በኮልፌ ቀራንዮ በአንድ ትምህርት ቤት፣ በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ብዙ ዘመን እጅ ሳይነካው የተቀመጠ የጎማ ቱቦ ነበረ። አንድ ቀን ለተማሪዎቼ የውሃን አካሄድ ላሳያቸው ብዬ አውጥቼ ባጠፍሁት ጊዜ እንደ ደረቀ ጭራሮ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከእርሱ ጋራ የነበሩት የጎማ ውታፎችም እንደ ድንጋይ ጠጥረው ነበር፤ አንደኛው እንዲያውም በብርጭቆው አፍ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅም አለ። ልጆቹም በሙቅ ውሃ ቢዘፈዘፍ ወይም በእሳት ቢሞቅ እንደ ቀድሞው ይለሰልስ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ጎማ ለምን እንደሚደርቅና ለምን እንደሚቀልጥ ለማወቅ ጤናውንና ገንዘቡን ሁሉ የጨረሰ ሰው ነበርና፣ አስቀድሜ የእርሱን ታሪክ እነግራችኋለሁ።

ይህ ሰው ቻርልስ ጉድይር ይባላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1800 ዓመት በዲሴምበር 29 ቀን፣ በአሜሪካ አገር ኒው ሄቨን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ አዝራርና የእርሻ መሣሪያ እየሠራ ይሸጥ ነበርና ልጁም በዚሁ ሥራ አደገ። በ1824 ክላሪሳ የምትባል ሴት አገባ፤ ከሁለት ዓመትም በኋላ በፊላደልፍያ ከተማ የብረታ ብረት ሱቅ ከፈተ። ነገር ግን ዕቃውን በዱቤ ለብዙ ሰው ስለ ሰጠ በ1830 ንግዱ ወደቀ። በዚያ ዘመን ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ይታሰር ነበርና ጉድይር ከዚያ ወዲያ የወኅኒ ቤትን ደጅ ደጋግሞ አየ።

ጎማ ከዛፍ የሚገኝ ነው። በብራዚል አገር የሚበቅል አንድ ዛፍ አለ፤ ልጡ በቢላዋ ሲሠነጠቅ፣ ቁልቋል በተቈረጠ ጊዜ እንደሚወርደው ያለ ነጭ ወተት ይፈስሰዋል። ወተቱም ሲረጋ የሚለጠጥ ሙጫ ይሆናል። የአሜሪካ ነጋዴዎች በዚህ ሙጫ ጫማና ካባ ይሠሩ ጀመር፤ ሰውም ዝናም የማያስገባ ልብስ አገኘሁ ብሎ ተሻምቶ ገዛ። ዳሩ ግን ብርድ በመጣ ጊዜ ካባው እንደ ሳንቃ ደረቀ፤ ሙቀት በመጣ ጊዜ ደግሞ ቀልጦ እየተጣበቀ ክፉ ሽታ ሸተተ። ገዢዎቹ ዕቃውን መለሱ፤ ነጋዴዎቹም ከሰሩ።

ጉድይር በ1834 በኒው ዮርክ ከተማ ወደ አንድ የጎማ ሱቅ ገብቶ ይህን ችግር ሰማ። የተማረው ኬሚስትሪ አልነበረም፤ ገንዘብም አልነበረውም። እንዲያውም የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረገው በዕዳ ታስሮ ሳለ ነው፤ ሙጫውን በእጁ እያሸ በሊጥ መዳመጫ ይዳምጠው ነበር ይባላል። አንድ ጊዜ ማግኒዝያ የሚባል ነጭ ዱቄት ቀላቀለበትና ጫማ ሠራ፤ ሙቀት ሲመጣ ጫማው ሟሸሸ። ሌላ ጊዜ በናይትሪክ አሲድ አጠበውና ፊቱ ደረቀለት። መንግሥትም የፖስታ ከረጢት እንዲሠራ አዘዘው፤ ከረጢቶቹ ግን ውጫቸው ብቻ ደኅና ስለ ነበረ በሙቀት ቀልጠው ተበላሹ። ጎረቤቶቹም ይሥቁበት ነበር።

ከዚህ በኋላ ናትናኤል ሄይዋርድ ከሚባል ሠራተኛ አንድ ነገር ተማረ። ሄይዋርድ ሙጫውን ከድኝ ጋራ ቀላቅሎ በፀሓይ ቢያሰጣው ፊቱ መጣበቅ እንደሚተው አይቶ ነበርና ጉድይር ይህን ብልሃት ገዛው። በ1839 ዉበርን በምትባል ከተማ ሳለ ድኝ የተቀላቀለበት ቁራጭ የጋለ የብረት ምድጃ ነካ። ሙጫ እሳት ሲነካው ይቀልጣል እንጂ ሌላ ነገር አይጠበቅበትም ነበር፤ ይህ ቁራጭ ግን እንደ ቆዳ ከሰል አለ እንጂ አልቀለጠም። በጠርዙም ዙሪያ ያላረረው ክፍል ልስልስ ሆኖ ተገኘ። ጉድይር ቁራጩን ሌሊቱን በውጭ በብርድ ሰቅሎት አደረ፤ በማግሥቱም ሲያጥፈው እንደ ልስላሴው ነበረ። ብዙ ሰዎች ይህን የዕድል ነገር ነው ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ አላስብም፤ አምስት ዓመት ሲፈልግ ያልኖረ ሰው ቢሆን ያረረውን ቁራጭ ጠርጎ ከአመድ ጋራ በጣለው ነበር።

ምን ያህል ድኝ፣ ምን ያህል ሙቀት፣ ስንት ሰዓት እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ግን ሌላ አምስት ዓመት ፈጀበት። በዚህም ጊዜ ቤተ ሰቡ ተራበ። የቤቱን ዕቃ ሸጠ፤ የልጆቹን የትምህርት መጻሕፍት እንኳ ሳይቀር ሸጠ። በ1840 ትንሹ ልጁ ሞተበት። ይህን ስናገር ልቤ ሁለት ይሆናል። ትጋቱን አደንቃለሁ፤ መጽሐፋቸው የተሸጠባቸው ልጆች ግን ሙከራውን የመረጡት እነርሱ አልነበሩም፤ ክላሪሳም ስለ ትዕግሥትዋ ማንም ሽልማት አልሰጣትም።

በ1844 በጁን 15 ቀን የአሜሪካ መንግሥት የፈጠራ መብት ሰጠው። በእንግሊዝ አገር ግን ቶማስ ሃንኮክ የሚባል ሰው ከአሜሪካ የመጣውን የጎማ ቁራጭ መርምሮ ስለ ነበረ፣ ቀድሞት ለዚያው ነገር መብት አወጣ። በ1855 በፓሪስ በታላቁ ትርኢት ላይ ጉድይር በጎማ የተሠራ ብዙ ዕቃ አሳየ፤ የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥትም ኒሻን ሸለመው፤ ነገር ግን በዚያው ወራት በፓሪስ ደግሞ በዕዳ ታሰረ። በ1860 በጁላይ 1 ቀን በኒው ዮርክ ሞተ። የተወው ዕዳ 200,000 ዶላር ያህል ነበረ። በመኪና ጎማ ላይ ስሙን አንብባችሁ ይሆናል፤ ያ ኩባንያ ግን እርሱ ከሞተ ከ38 ዓመት በኋላ በ1898 ሌሎች ሰዎች በክብር ስሙን ሰይመው ያቆሙት ነው።

አሁን ወደ ቱቦአችን እንመለስ። ጥሬው ሙጫ እንደ ተዘባረቀ ረጅም ክር ነው፤ ሲሞቅ ክሩ በክሩ ላይ ስለሚንሸራተት ይቀልጣል። ድኝ በሙቀት ሲገባበት ክሩን ከክሩ ጋራ በየስፍራው ይቋጥረዋል፤ እንደ ዓሣ መረብም ይሆናል። መረቡ ቢለጠጥ ይመለሳል፤ በሙቀትም አይፈታም። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቈረጠ በረባሶ በቀትር ፀሓይ የማይቀልጠው ስለዚህ ነው። ቋጠሮው እጅግ ሲበዛ ግን መረቡ መለጠጥ ይተዋል። የጉድይር ወንድም ኔልሰን ድኙን አብዝቶ እንደ ቀንድ የጠጠረ ጎማ ሠርቶ በ1851 መብት አውጥቶበታል። ነፋስና ፀሓይም በብዙ ዓመት ውስጥ ይህን ይመስላሉ፤ አንዳንዱን ክር ይበጥሳሉ፣ በሌላውም ላይ ቋጠሮ ይጨምራሉ።

ስለዚህ ለልጆቹ የሰጠሁት መልስ ሁለት ነበረ። በብርድ ብቻ የደነደነ ጎማ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ይለሰልሳል። በዕድሜ የደረቀው ግን አይመለስም። አንዳንድ ሠራተኞች በውሃ በቀጠነ አሞኒያ ወይም በግሊሰሪን ይዘፈዝፉታል፤ ፊቱ ጥቂት ይለዝብ ይሆናል፤ ጋዝ ወይም አሲድ ለሚያልፍበት ሥራ ግን ሊታመን አይገባም፤ የተሰነጠቀውማ መጣል አለበት።

የተጣበቀውን ውታፍ ለማውጣት አንዱ ተማሪ በጉልበት ሊጠመዝዘው ነበር፤ ከለከልሁት፤ ብርጭቆው በእጅ ውስጥ ሲሰበር መዳፍን ይቈርጣልና። ውታፉን በቢላዋ ቀስ እያልን ቈርጠን አወጣነው፤ ብርጭቆውም ተረፈ። አዲሱን ቱቦ ታልክ ነስንሰን፣ ሳናጥፈው በሰፊው ጠቅልለን፣ ፀሓይ ከማይገባበት ሣጥን ውስጥ አኖርነው፤ ዘይትና መዳብ እንዳይነኩት ለብቻው አደረግነው። አንዲት ተማሪ የዚያን ዕለት ቀንና ዓመት በወረቀት ጽፋ በሣጥኑ ክዳን ላይ ለጠፈች።