ይድነቃቸው ተሰማ፤ ከኳስ ሜዳ እስከ አህጉር ሸንጎ

ምንጃር በሰሜን ሸዋ በጤፉ የታወቀ አገር ነው። የሙያችንን ታሪክ ለሚያስታውስ ሰው ግን ሌላም ዝና አለው። በ1900 ዓ.ም. የአውቶሞቢልን ሥራና አነዳድ እንዲማሩ ዐፄ ምኒልክ ወደ ጀርመን አገር የላኳቸው፣ እዚያም ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የዚህ አገር ተወላጅ ናቸው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያወሳው የልጃቸውን የአቶ ይድነቃቸውን ሕይወት ነው።

ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። በአዲስ አበባም በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1928 ዓ.ም. የአራዳ ልጆች የቅዱስ ጊዮርጊስን የእግር ኳስ ቡድን ሲያቋቁሙ ገና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ለዚያው ቡድን ተጫወቱ፤ ሌላ ክለብ አልቀየሩም።

ቡድኑ በተመሠረተ በጥቂት ወራት ጠላት አዲስ አበባ ገባ። የፋሺስቱ አስተዳደር ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይጋጠሙ ከልክሎ ለአገሬው ተወላጅ የተለየ ውድድር አበጀ፤ የጊዮርጊስንም ስም ሽሮ ሊቶርዮ ውቤ ሰፈር አሰኘው። ወጣቱ ይድነቃቸው የጉልምስናቸውን መጀመሪያ ያሳለፉት በዚህ ዓይነት ሜዳ ላይ ነበር። በኋላ በዓለም ሸንጎ ፊት ያሳዩትን ጽናት ለመረዳት ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከድል በኋላ የኢትዮጵያ ስፖርት በሕግና በደንብ እንዲመራ፣ ፌዴሬሽንም እንዲቋቋም ከደከሙት ሰዎች ቀዳሚው እርሳቸው ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለመመሥረት ካርቱም ላይ ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያን ከወከሉት አንዱ ሆኑ። ደቡብ አፍሪካ ነጮችንና ጥቁሮችን ቀላቅላ ለማሰለፍ ፈቃደኛ ስላልነበረች ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጪ ሆነች። ገና ለተወለደ ማኅበር ከአራት መሥራቾች አንዱን ማጣት ቀላል ጉዳት አልነበረም። ይሁንና ጠማማ መሠረት ላይ የቆመ ሕንፃ ፎቅ በጨመረ ቁጥር መዝመሙ እንደሚብስ ለሙያ ባልደረቦቼ መንገር አያሻኝም።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ የሕይወታቸው ታላቅ ቀን ነበር። በእርሳቸው አሠልጣኝነት የተሰለፈው የኢትዮጵያ ቡድን ሁለት ጊዜ በግብፅ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ግብ አስቆጥረው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነበር። ጣሊያን በዘር ለይቶ ያጫወተው ሰው ያሠለጠነው ቡድን አምበል የጣሊያን ልጅ ሆነ።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው አገለገሉ፤ የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ግን ገና አላለቀም ነበር። ፊፋ በ1954 ዓ.ም. ያገዳትን አገር በ1955 ዓ.ም. መልሶ ተቀበለ፤ በ1957 ዓ.ም. እንደገና አገደ። ነገሩ የተቆረጠው በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ ከማኅበሩ ስትባረር ነው። በዚህ ረጅም ክርክር ውስጥ አቶ ይድነቃቸው አቋማቸውን አልለወጡም። አፍሪካ በዓለም ዋንጫ የራሷ ቦታ እንዲኖራት በተደረገው ትግልም ግንባር ቀደም ነበሩ። የአህጉሩ ቡድኖች ከ1958ቱ የዓለም ዋንጫ በአንድነት ከቀሩ በኋላ ለ1962ቱ ውድድር አንድ ቦታ ተረጋገጠላቸው።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በስልሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። የአፓርታይድን መውደቅ አላዩም። በ1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበት የደቡብ አፍሪካ ቡድን ጆሃንስበርግ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ እርሳቸው ካረፉ ስምንት ዓመት አልፎ ነበር።

በሥራችን ብዙ ጊዜ፣ ለጊዜው ፈርም፣ ኋላ ይስተካከላል የሚል ምክር ይቀርብልናል። የምንጃሩ ባለቅኔ ልጅ በካርቱም ይህን ምክር ቢቀበሉ ኖሮ ውድድሩ በአራት ቡድን በተጀመረ ነበር። በሦስት መጀመርን መረጡ፤ የቀረውም ጊዜውን ጠብቆ መጣ።