እቴጌ ምንትዋብና የእናትነት መዝገብ

በጎንደር ዘመን ከነበሩት ሴቶች ኹሉ እንደ እቴጌ ምንትዋብ ስማቸው የገነነ የለም። ኾኖም የስንት ልጆች እናት እንደ ነበሩ ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ አንድ መጽሐፍ ገልጦ አያገኘውም፤ በየቦታው የተበተነውን ጽሑፍ ማገናኘት አለበት።

እቴጌ የቋራ ተወላጅ ናቸው። ዐፄ በካፋን አግብተው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1723፣ ልጃቸውን ኢያሱን ወለዱ። በ1730 ዐፄ በካፋ ሲያርፉ ሕፃኑ ነገሠ፤ እናቲቱም ዘውድ ጭነው መንግሥቱን ይመሩ ጀመር። የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥታቸውን ያሠሩት ከዚህ በኋላ ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላም ከግራዝማች ኢያሱ ሦስት ሴቶች ልጆችን ወለዱ፤ እነሱም ወለተ እስራኤል፣ አስቴርና አልጣሽ ናቸው።

እንግዲህ ችግሩን እንመልከት። እቴጌ በክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ በዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ፣ በሕዝብ ዘንድ ምንትዋብ ይባላሉ። ሦስቱን ስም ለየብቻ የሚያነብ ሰው ሦስት ሴቶች ይመስሉታል። ደግሞም ኢያሱ የልጃቸው ስም ነው፤ የሴቶች ልጆቻቸውም አባት ኢያሱ ነው። በስም ብቻ የሚሄድ ሰው ልጅን ከባል ያደባልቃል። ስለዚህ ስምን ከዘመን፣ ከማዕረግና ከዘመድ ጋራ ማመዛዘን ግድ ይኾናል።

በ1770 ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲገባ በቁስቋም ፈንጣጣ ነበረ። ብሩስ ካከማቸው አንዱ የወይዘሮ አስቴር ልጅ አይቶ ኮንፉ ነበር፤ እሱም ዳነ። የዚህ በሽተኛ ወሬ በ1790 በታተመው የብሩስ መጽሐፍ ይገኛል። ከበሽተኛው ወደ እናቱ፣ ከእናቱ ወደ አያቱ ሲወጡ የእቴጌ የእናትነት ታሪክ አንዱ ክፍል ይገለጣል።

እቴጌ ልጃቸው በ1755 ሲሞት፣ የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢዮአስም በ1769 ሲገደል በሕይወት ነበሩ። በ1773 ዐረፉ። ዜና መዋዕሉ የወራሹን ልደት በክብር ይጽፋል እንጂ የእናቲቱን ምጥና ሕመም አይቆጥርም። ለእቴጌ እንኳ እንዲህ ከኾነ ለባላገሯ እናት ምን ሊኾን ነው?

ከጎንደር ወደ ስሜን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በዳባት፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1996 ልደትን፣ ሞትንና የሰውን መግባትና መውጣት የሚከታተል ጥናት አቋቁሟል። በእንዲህ ያለው ሥራ ቤተሰብና ሰው በቁጥር ይታወቃሉ። ነገር ግን አንዲት የአምቢኮ እናት እርግዝናዋን በጤና ኬላ ብታስመዘግብ፣ ደባርቅ ወርዳ ብትወልድ፣ ልጇን በሌላ ስፍራ ብታስከትብ፣ ሦስት መዝገቦች ስለ አንዲት ሴት ይናገራሉ። አንዱ በዓለም ስሟ፣ አንዱ በክርስትና ስሟ ቢጽፋት፣ ዕድሜዋም በግምት ቢመዘገብ፣ ሦስት ሴቶች ትኾናለች። ያስወረዳት ፅንስና የሞተባት ሕፃንም ከቁጥር ይጠፋሉ። ሐኪሙ ያለፈውን አደጋ ሳያውቅ ለሚቀጥለው ወሊድ ይቀበላታል።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ነገ በየጤና ጣቢያው መዝገብ የምንይዘው እኛ ነን። የእናቲቱን ስም ከነአባቷ፣ ቀበሌዋን፣ የወለደችውንም ያጣችውንም ልጅ ጠይቀን አስተካክለን እንጻፍ። የእቴጌ ታሪክ በብዙ ድካም ተገናኝቷል፤ የአምቢኮዋ እናት ግን ዜና መዋዕል ጸሓፊ የላትም፤ ያላት የእኛ መዝገብ ብቻ ነው።